ለድንኳንና ለጫካ ጉዞ የሚሆን አጭር ሾትጋን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። እኔና ባለቤቴ በየዓመቱ ድብ በሚኖርበት ደን ውስጥ ድንኳን ተክለን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን እናሳልፋለን። የምንጓዘው በእግር ስለሆነ ዕቃችንን ሁሉ የምንሸከመው በጀርባችን ነው። ዘንድሮ ለክፉ ቀን የሚሆን አጭር ሾትጋን ለመያዝ አስበናል። አንድ ሻጭ ሰደፍ የሌለው፣ በርሜሉ 14 ኢንች የሆነ፣ በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ፓምፕ ሾትጋን አሳየኝና «በቦርሳ ጎን ይገባልዎታል፤ አጭር ስለሆነ ደግሞ እርሳሱን በሰፊው ስለሚበትን ማነጣጠር እንኳ አያስፈልግዎትም» አለኝ። ባለቤቴ በበኩሏ የአባቷን ባለ ሁለት አፍ አሮጌ ሾትጋን በመጋዝ አሳጥረን ብንይዘው ወጪ እንቆጥባለን ትላለች። የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ መልሴን በቅድሚያ ላስቀምጥና ምክንያቱን ላስከትል። ሻጩ ያሳየዎትን ይተውት፤ የአማትዎንም ጠመንጃ መጋዝ አያስነኩት። በምትኩ ሰደፍ ያለው፣ በርሜሉ ከ18 እስከ 20 ኢንች የሆነ፣ ማለትም ከ46 እስከ 51 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ፓምፕ ሾትጋን ይግዙ። ይህን የምልበት ምክንያት አንድ ነው፤ ድብ ድንገት ሲመጣ የሚጠቅምዎት በደነገጠና በደከመ ሰው ትከሻ ላይ ቶሎ ተደግፎ፣ ያነጣጠሩበትን ቦታ የሚመታ መሣሪያ ብቻ ነው። ማጠሩ ጥሩ የሚሆነው ይህን እስካላሳጣዎት ድረስ ነው።

ከመጋዙ ልጀምር። ባለቤትዎ ያሰቡት ብዙ ሰው የሚያስበውን ስለሆነ አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ሕጉም ብረቱም አይፈቅዱም። በአሜሪካ፣ በ1934 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት፣ በርሜሉ ከ18 ኢንች ወይም ጠቅላላ ቁመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ሾትጋን አስቀድሞ ሳያስፈቅዱና ሳያስመዘግቡ መሥራትም ሆነ መያዝ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1939 ስለዚህ ሕግ የሰጠው የታወቀ ውሳኔም መነሻው በርሜሉ ያጠረ ሾትጋን ነበር። ካናዳ ደግሞ የምትጠይቀው መሣሪያው እንዴት እንዳጠረ ነው፤ ከፋብሪካ አጭር ሆኖ የወጣ ፓምፕ ሾትጋን ጠቅላላ ቁመቱ ከ660 ሚሊ ሜትር እስካላነሰ ድረስ በተራ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሊያዝ ሲችል፣ ረጅሙን በመጋዝ ቆርጦ በርሜሉን ከ457 ሚሊ ሜትር በታች ያወረደ ሰው ግን የተከለከለ መሣሪያ ይዞ ተገኘ ማለት ነው። በብሪታንያ ወሰኑ ከዚህ ሁሉ ከፍ ብሎ 24 ኢንች ነው። አንድ ድንበር ሲሻገሩ ሕጋዊው መሣሪያዎ ወንጀል ሊሆን ስለሚችል፣ የምትገቡበትን አገር ብቻ ሳይሆን የምታድሩበትን ፓርክም ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ። በካናዳ ብሔራዊ ፓርኮች ተራ ጎብኚ ጠመንጃ ይዞ መዘዋወር በአጠቃላይ አይፈቀድለትም፤ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከ2010 ጀምሮ መያዙ የየክፍለ ግዛቱን ሕግ የሚከተል ቢሆንም፣ መተኮሱ በአብዛኛው እንደተከለከለ ነው።

ወደ ብረቱ ስንመጣ፣ የባለ ሁለት አፍ ሾትጋን ሁለቱ በርሜሎች ጎን ለጎን የተበየዱት በተወሰነ ርቀት ላይ አንድ ቦታ እንዲመቱ ተደርጎ ነው። አፋቸው ሲቆረጥ እርሳሱን አጥብቦ የሚያወጣው ጠባብ ጫፍ፣ ቾክ የሚባለው፣ አብሮ ይወገዳል፤ በሁለቱ በርሜሎች መካከል ያለው ክፍተትም ለውኃና ለዝገት ይጋለጣል። ከዚህ የሚብስ ሌላ ሥጋት አለ። አሮጌ ሾትጋኖች አንዳንዶቹ የጥይት ማደሪያቸው 65 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን የዛሬው የተለመደ ጥይት 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያም አልፎ ብረትና ስቲል ተጠምዝዞ የተሠሩ፣ ላያቸው ላይ የውኃ ማዕበል የመሰለ መስመር የሚታይባቸው በርሜሎች ዛሬ የሚሸጠውን ጠንካራ ጥይት ለመቋቋም አልተሠሩም። የአማትዎን ጠመንጃ ጠመንጃ ሠሪ ሳያየው አንድ ጥይት እንኳ አይተኩሱበት፤ ተመርምሮ ደህና ከሆነ ደግሞ እንዳለ ይኑር፣ መታሰቢያነቱ ከመጋዝ የተረፈ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ሻጩ ንግግር ልለፍ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የሚያሳዝነኝ እርሱ ስለሆነ። በርሜል ማጠሩ እርሳሱን ይበትናል የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ስርጭቱን በዋናነት የሚወስነው የአፈሙዙ ጠባብነትና የጥይቱ አሠራር ነው፤ ቾክ የሌለው 14 ኢንች በርሜልና ቾክ የሌለው 20 ኢንች በርሜል በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር ስርጭት ያወጣሉ። ባክሾት ከሚባሉት ትላልቅ ድቡልቡል እርሳሶች በተለመደው 12 ጌጅ ጥይት ውስጥ (ጌጅ የበርሜል ውስጥ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል) ዘጠኝ ፍሬ ይገኛል፤ የሚበተኑበት ስፋትም በየአንዱ ሜትር ርቀት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም ብሎ መገመት ይቻላል። በሰባት ሜትር ላይ ያ ሁሉ እርሳስ ከተዘረጋ የሰው መዳፍ ብዙም ያልሰፋ ቦታ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ለድብ የሚመረጠው ስለግ ደግሞ አንድ ወጥ እርሳስ ነው፤ የሚበተን ነገር ጨርሶ የለውም። ስለዚህ ማነጣጠር አያስፈልግም ያለዎት ሰው ሕይወትዎን አደጋ ላይ የሚጥል ምክር ነው የሰጠዎት።

ማነጣጠር ደግሞ ሰደፍ ይፈልጋል። ቡናማ ድብ በሰዓት ወደ 55 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ይህም በሴኮንድ 15 ሜትር ገደማ ነው። ሃያ አምስት ሜትር ርቀት ላይ ከቁጥቋጦ ውስጥ ከወጣብዎት ሁለት ሴኮንድ እንኳ የለዎትም፤ ከአንድ በላይ የመተኮስ ዕድል ማግኘትዎም ያጠራጥራል። ሰደፍ ያለው ጠመንጃ በሁለት እጅ፣ በትከሻና በጉንጭ፣ በአራት ቦታ ይያዛል፤ ዓይንም ሁልጊዜ ከማነጣጠሪያው ጀርባ በአንድ ቦታ ላይ ይውላል። ሰደፍ የሌለው ግን በሁለት እጅ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ጊዜ በመተኮሻ ሜዳ ላይ አንድ ጠንካራ ጎልማሳ እንዲህ ዓይነቱን ሾትጋን ከወገቡ አጠገብ ይዞ በ15 ሜትር ላይ የቆመ የካርቶን ኢላማ ላይ አምስት ስለግ ሲተኩስ ቆሜ አይቻለሁ። ካርቶኑን የነካው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ታችኛውን ጥግ ነበር፤ ከአምስተኛው በኋላ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ያለው ቆዳ ተልጦ ደም አየሁበት። ያው ሰው ሰደፍ ያለውን ሲሰጡት አምስቱንም ከሰሃን በማይበልጥ ክብ ውስጥ አስገባ።

የሚያተርፉት ቦታ ምን ያህል እንደሆነም ይመልከቱ። በ2017 ለገበያ የቀረበው የሞስበርግ 590 ሾክዌቭ፣ በርሜሉ 14 ኢንች ሆኖ፣ ጠቅላላ ቁመቱ ከ26 ኢንች ጥቂት ይበልጣል፤ ይኸውም 67 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በአሜሪካ ያለ ምዝገባ የሚሸጠው ሰደፍ ተገጥሞለት ስለማያውቅ በሕጉ ዓይን ሾትጋን ባለመሆኑ ነው፤ ሰደፍ የገጠሙለት ቀን ግን ከላይ የጠቀስኩት ሕግ ውስጥ ይገባል። ባለ 18.5 ኢንቹ ሰደፍ ያለው ሾትጋን ደግሞ አንድ ሜትር አይሞላም። ልዩነቱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ክብደቱም ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ቢበልጥ ነው። ያ ተጨማሪ ክብደት ሲተኩሱ የሚመታዎትን ኃይል ስለሚቀንስ እንደ ሸክም ብቻ አይቁጠሩት። በተረፈ ሾትጋን በቦርሳ ውስጥ ታሽጎ የሚኬድበት ዕቃ አይደለም፤ በማንገቻ ትከሻ ላይ ካልዋለ በተፈለገበት ሰዓት አይደርስም። እንዲያውም በቦርሳ ውስጥ ለመክተት ሲሉ አጭሩን የሚገዙ ሰዎች ከሁሉም የራቀውን መሣሪያ ይዘው ነው የሚሄዱት።

በርሜሉን ከ18 ኢንች በላይ ማስረዘምም ለእናንተ ዓላማ ብዙ አይጨምርም። ከ28 ወደ 18 ኢንች ሲወርድ ጥይቱ የሚያጣው ፍጥነት በአብዛኛው በሴኮንድ ከ15 እስከ 30 ሜትር ቢሆን ነው፤ ከ450 ሜትር በላይ ለሚወጣ ስለግ ይህ ትልቅ ነገር አይደለም። ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገቡና ከድንኳን ሲወጡ ግን ያ የተቀነሰው 25 ሴንቲ ሜትር በእጅጉ ይታወቃል።

ስለ ዓይነቱ፣ ፓምፑን የመረጥኩት የጥይቱ ኃይል ቢያንስም ቢበዛም፣ ጭቃ ቢነካውም፣ በእጅ እስከተሳበ ድረስ ስለሚሠራ ነው። አንድ ድክመት አለው፤ የደነገጠ ሰው እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳይስብ ይመልሰውና ቀለሁ ሳይወጣ ይቀራል። መድኃኒቱ ልምምድ ብቻ ነው። ከተኩሱ በኋላ በራሱ የሚጎርሰው አውቶማቲኩ ምቱ ለስላሳ ቢሆንም ጽዳት ይፈልጋል፣ ደካማ ጥይት ሲጎርስም ይሰናከላል። ከመካከሉ ታጥፎ የሚጎርሰው ባለ አንድ ጥይት ቀላልና ርካሽ ነው፤ ግን ሁለተኛው ጥይት ሩቅ ነው።

ከፓምፖቹ መካከል በ1950 የወጣው ሬሚንግተን 870 እና የሞስበርግ 500 እና 590 ቤተሰብ በየትኛውም ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ የሚታወቁና መለዋወጫቸው በቀላሉ የሚገኝ ናቸው። የ870 አካል ከስቲል ስለተሠራ ይከብዳል፤ ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚቆልፈው ሴፍቲውም ከቃታው ጀርባ በጎን የሚገፋ ነው። የሞስበርጎቹ ሴፍቲ ከላይ፣ አውራ ጣት በተፈጥሮ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ለቀኝ እጅ ተጠቃሚም ለግራኝም እኩል ይመቻል፤ ጓንት አድርጎ መንካቱም ይቀላል። እናንተ ሁለት ስለሆናችሁ ይህን እመርጥላችኋለሁ። ሰደፉን የምትመርጡት ግን በአጭራችሁ ልክ ይሁን፤ ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ረጅሙ ሰው ይችለዋል፣ ወፍራም ጃኬት ሲለበስም አይጎተትም። ባለቤትዎ የ12 ጌጅ ምት ከከበዳቸው 20 ጌጅ ያንሳል ብላችሁ አትናቁት፤ ከመምታቱ በፊት ዓይን የሚያስጨፍን ጠመንጃ ለማንም አይበጅም። በርሜሉ ላይ ከአንዲት ነጥብ ይልቅ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ ይኑረው።

ጥያቄ፦ እኔ የገዛሁት ባለ 18 ኢንች 12 ጌጅ ነው። ለድብ ባክሾት ይበቃል ወይስ ስለግ ይሻላል? ባለቤቴ 20 ጌጅ ስላላት ጥይታችንን በአንድ ከረጢት ብንይዘውስ?

መልስ፦ ስለግ ይያዙ። ባክሾት ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ጡንቻና አጥንት ውስጥ ዘልቆ አይሄድም። ስለጎችም እኩል አይደሉም። ካርል ፎስተር በ1931 የሠራው፣ ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ስለግ ከለስላሳ እርሳስ ስለሆነ ሲመታ ይጠፈጠፋል፤ ለአጋዘን መልካም ነው፣ ለድብ ትከሻ ግን ጥልቀት ያንሰዋል። ቪልሄልም ብሬነከ በ1898 የጀመረው፣ ጭራው ከጀርባው ጋር እንደተያያዘ የሚሄደው ስለግ በጠንካራ እርሳስ ሲሠራ ቅርጹን ይዞ ጠልቆ ይገባል። የመረጡትን ዓይነት በ25 እና በ50 ሜትር ላይ ተኩሰው የት እንደሚያርፍ ይወቁ፤ ስለግ ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲቀየር የሚመታበት ቦታ ይቀየራል። የተኩሱ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ፣ በልምምድ ጊዜ ጆሮዎን ሳይሸፍኑ አንድም አይተኩሱ።

ስለ ከረጢቱ ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ሁለቱን ጥይት በፍጹም አያደባልቁ። የ20 ጌጅ ጥይት ከ12 ጌጁ ቀጠን ስለሚል በ12 ጌጅ በርሜል ውስጥ ሲጣል የጥይት ማደሪያውን አልፎ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጠባቡ ቦታ ላይ ይሰካል። ከኋላ ሲያዩት በርሜሉ ባዶ ይመስላል። ቃታ ተስቦ ምንም ባለመተኮሱ፣ ሰውየው ጥይት ያልጎረሰ መስሎት የ12 ጌጁን ከኋላው ጨምሮ ሲተኩስ፣ በርሜሉ በግራ እጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ ቀለም የተሰጠው ለዚሁ ጥንቃቄ ነው፤ በጨለማ፣ በድንኳን ውስጥ፣ በጣት እየዳበሱ ሲፈልጉ ግን ቀለም አይታይም። ለየብቻ ኪስ፣ ለየብቻ ሰው፣ እንዲያውም ከተቻለ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ጌጅ ያዙ።

ጥያቄ፦ ሾትጋን ከያዝን የድብ መከላከያ የበርበሬ ስፕሬይ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ ብዙ ያደርግላችኋል፤ እኔ ራሴ ድብ ባለበት ጫካ ቀድሜ የምዘረጋው እጅ ወደ ስፕሬዩ ነው። የድብ ተመራማሪዎቹ ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአላስካ የሆነውን መርምረው በ2008 ያወጡት ጥናት፣ ስፕሬዩ የቡናማ ድብን ያልተፈለገ ድርጊት ከ100 አጋጣሚ በ92ቱ፣ የጥቁር ድብን ደግሞ በ90ው ማስቆሙን ያሳያል። በ2012 ያወጡት ሌላው ጥናት 269 የጠመንጃ አጋጣሚዎችን ሲመለከት ረጃጅም ጠመንጃዎች የተሳካላቸው በ76 በመቶው ብቻ ነበር፤ ከዚህም በላይ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ተኮሱም አልተኮሱም የመጎዳታቸው መጠን እንዳልተለያየ ተጽፏል። ሁለቱ ጥናቶች የመዘገቧቸው አጋጣሚዎች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ አይገባም፤ ይሁንና ስፕሬይ በደነገጠ እጅ ለመጠቀም የቀለለ መሆኑን መካድ አይቻልም። በኃይለኛ ነፋስና በድንኳን ውስጥ ወደ ራስዎ ሊመለስ ስለሚችል ሾትጋኑ ለእነዚህ ሁኔታዎችና ለመጨረሻው ጊዜ ይቆይ። ምግባችሁን ከምትተኙበት ራቅ አድርጋችሁ ካላስቀመጣችሁ ግን ሁለቱም ዘግይተው የሚደርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጠመንጃውን ስንጓዝም ሆነ ሌሊት ስንተኛ እንዴት ብንይዘው ይሻላል? በርሜሉ ውስጥ ጥይት ይኑር?

መልስ፦ አይኑር። የብዙዎቹ ሾትጋኖች ሴፍቲ የሚቆልፈው ቃታውን ብቻ ነው፤ ጠመንጃው ከዐለት ላይ ቢወድቅ የመምቻው መርፌ በራሱ ግፊት ጥይቱን ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ ጥይቶቹ ከበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ ካዝና ውስጥ ይሁኑ፤ የጥይት ማደሪያው ግን ባዶ ሆኖ ይጓዝ። ሲያስፈልግ አንድ ጊዜ መሳብ ይበቃል፤ ይህን መሳብ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪችሉት ድረስ በባዶ ጠመንጃ ይለማመዱ። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ወይም ከድንኳኑ የምትርቁ ከሆነ ሁሉንም ጥይት አውጥታችሁ ቆልፉት።

አፈሙዙን ነገር ደግሞ ችላ አትበሉት። አጭር በርሜል ያነገተ ሰው ሲቀመጥና ሲንበረከክ አፉን መሬት ላይ መትከል ይቀናዋል፤ የጣት ጫፍ የምታህል ጭቃ ወይም በረዶ በርሜሉን ለመሰንጠቅ ትበቃለች። ስስ የኤሌክትሪክ ፕላስተር አፉ ላይ ይለጥፉበት፤ ሲተኮስ ከጥይቱ ቀድሞ የሚወጣው አየር ራሱ ይበጥሰዋል፣ አደጋም የለውም። ብርድ ባለበት አገር ሌሊት ጠመንጃውን ወደ ሞቀ ድንኳን አስገብታችሁ ጠዋት መልሳችሁ ወደ ውርጭ ብታወጡት፣ ላዩ ላይና ውስጡ የተጠራቀመው ላብ በረዶ ሆኖ መሳቢያውን ሊያጣብቀው ይችላል፤ ከውጭው አየር ጋር በሚመሳሰል ብርድ ውስጥ፣ በድንኳኑ መግቢያ በረንዳ ላይ፣ ከዝናብ ተሸፍኖ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይደር። ዘይቱንም እጅግ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ በብርድ የሚረጋ ወፍራም ዘይት የመምቻውን መርፌ ያዘገየዋል። ዘወትር በእርጥበት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ብረቱ በኒኬል የተለበጠውን፣ ሰደፉም ፕላስቲክ የሆነውን ምረጡ፤ እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ያም ሆኖ በየማታው፣ ጥይቱ መውጣቱን በዓይንም በጣትም ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ በርሜሉን በደረቅ ጨርቅ ማሳለፍ አትርሱ።